በገዛ ስፌቴ ሥር አልቅሼ ተከሰስሁ

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ፍርድ ቤቱስ ፈርዶልኛል፤ እኔን የያዘኝ ንዴት ግን በአንድ ዳኛ የሚበርድ አይደለም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ዳኛ ማድረግ ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ክሴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «በጣም ያሳዝናል!» ካላለ ሱሪው አያጥርለትም። ጎንደር ፒያሳ ከሱቄ ፊት ለፊት ካፌ ያላቸው ሰውዬ ገና ብቅ ስል «ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ» እያሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ደግመው ቢሰሙት ምን ይሆናሉ? ጆሮ ያልቃል?

ጥፋቴ ማልቀስ ነው። አልሰረቅሁም፣ አልተደባደብሁም፣ ጠጥቼ መንገድ ላይ አልዘፈንሁም። ሰው ሞተብኝ፣ አለቀስሁ፣ «የሕዝብን ጸጥታ በማወክ» ተከሰስሁ። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ የገባ ሰው እንዴት እንደሚታማ እየሰማሁ ጎልምሼ፣ እኔ በመጮኼ ልታሰር! ዝም ብል ኖሮ አገር ሙሉ ያማኝ ነበር፤ ብጮህ መንግሥት አሰረኝ። ታዲያ በየት በኩል ልሂድ?

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ ታከለ የሚባል የልብ ወዳጅ አለኝ። አባቱ አያ ይርጋ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣውም የእሳቸው ሞት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸውስ ምን አደረጉ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ማኪና አይሄድም ነበር። አያ ይርጋ በዚያ ዕድሜያቸው ዘንግ ይዘው በእግራቸው መጡ። ገና ቤታችን ሳይደርሱ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆነው «እኅቴን! እኅቴን!» ብለው ሲጮኹ የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ ደጅ ወጣ። በጭቃ እንደተለወሱ አንገቴ ላይ ወደቁ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድርቅ ብዬ እንግዳ ሳስተናግድ የነበርሁት ሰውዬ ከዚያ በኋላ ነው እናቴ መሞቷ የገባኝ። ይህን ውለታ እንዴት ነው የሚመልሱት? በለቅሶ ነው እንጂ ሌላ መመለሻ የለውም።

ደግሞ አለ። የእድራቸውን ድንኳን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሸራውን ጠቅልለው ከትክል ድንጋይ ያመጡት አያ ይርጋ ናቸው። ስፌቱ እስኪያልቅ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ወፍራም ክር አግባበት እንጂ! ሸጋ አድርገህ ስፋው፤ አንድ ቀን ለእኔም ይተከላል» እያሉ ይስቁ ነበር። ሸራው በአንድ ማዕዘን በኩል አጠረና ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ አረንጓዴ እራፊ ቀጠልሁበት። «ይህችማ ለምልክት ትሁን» አሉኝ። ይህችን አረንጓዴ እራፊ ያዙልኝ። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

አያ ይርጋ ማረፋቸው የተነገረኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ኩታዬን አዘቅዝቄ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱን በሙሉ ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ለቅሶዬን እየቆጠብሁ ነበር። ትክል ድንጋይ ወርጄ ወደ ታከለ ቤት ሳቀና፣ ሜዳው ላይ ድንኳኑ ተተክሎ አየሁት። ያችው አረንጓዴ እራፊ በግራ በኩል ትታያለች። የገዛ ስፌቱን የሚስት ሰፊ የለም። የታከለ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ሜዳው ላይ ተከሉት ብዬ አሰብሁ።

ጠጋ ስል ሰዎቹ ታዩኝ። በእድሩ አግዳሚ ላይ ረድፍ በረድፍ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ማንም ከማንም አያወራም። አንዱ አገጩን በመዳፉ ደግፎ መሬት መሬት ያያል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። ሴቶቹ በስተኋላ ለብቻቸው ናቸው። እስቲ በፈጠራችሁ፣ ይህ ለቅሶ ካልሆነ ምንድን ነው? ስብሰባ እንዲህ እንደሚመስል ማን ነግሮኝ ያውቃል?

«አያ ይርጋ! አባቴን! አባቴን! አባቴን!» ብዬ ለቀቅሁት።

ፊቴን በኩታዬ ሸፍኛለሁ፤ ደንቡ ነው። ገብቶ መጀመሪያ የሚያዘው የዋናው ሐዘንተኛ አንገት ነው፤ እሱም ደንቡ ነው። በኩታዬ ቀዳዳ ሳይ ፊት ለፊት አንድ ወጣት ጥቁር ሱፍ ለብሶ ለብቻው ቆሟል፤ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልቷል። ከአዲስ አበባ የመጣ የልጅ ልጅ መሆን አለበት ብዬ ሄድሁና አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። እጁ ላይ የያዘው ነገር ደረቴን ይወጋኛል፤ ድምፅ ማጉያ መሆኑን የት ልወቅ? ለካ «አባቴን!» ባልሁ ቁጥር አገር ምድሩ «አባቴን!» ይላል። እኔ ደግሞ ሕዝቡ እየተቀበለኝ መስሎኝ ባሰብኝ።

«አባት፣ ይቅርታ፣ እኛ እዚህ...» አለ ልጁ።

«አይዞህ ልጄ፣ አልቅስ! ዋጥ አታድርገው! እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ ዋጥ አይደረግም!» አልሁት።

ድንኳኑ ተነሣ። አንድ ሰው ተቀምጦ አልቀረም። ለቀስተኛ ቆሞ እየጮኸ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው፤ ሰዉ ለምን እንደመጣ ሳይጠይቅ እግሩ አቆመው። ከኋላ አንዲት ሴት «ልጄን!» አለች። የእሷን ሰምታ ሌላዋ «ወንድሜን!» አለች። ቤቱ ሙሉ ሰው የየራሱን ሟች አስታወሰና ድንኳኑ አንድ ላይ ነደደ። ያ ጥቁር ሱፍ የለበሰው ልጅ መጀመሪያ በክንዱ ይገፋኝ ነበር፤ በኋላ ክንዱ ላላ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም ይበልጥ አቀፍሁት።

በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው የነበሩት ሽማግሌ «ይበቃል፣ ይበቃል፣ አረፍ በሉ» አሉ። ሁሉም አፍንጫውን እየጠረገ ተቀመጠ። እኔም ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አንዱ የታሸገ ውኃ አቀበለኝ። ውኃውን ጠጥቼ፣ ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል፣ ከጠረጴዛው በላይ በትልቁ የተጻፈ ባነር ተሰቅሏል፦ «የሕዝብ ጸጥታ ደንብ ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ»።

ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ አጠገቤ ወደተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብዬ በሹክሹክታ፣ «ወንድሜ፣ የአያ ይርጋ ለቅሶ አይደለም እንዴ?» አልሁት።

«የአያ ይርጋ ሐዘን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከታከለ ግቢ ነው። እዚህ ስብሰባ ነው።»

«ታዲያ አንተ ምነው አለቀስህ?»

«ሰው እያለቀሰ ዝም ብዬ ልየው?» አለና አፍንጫውን ተናፈጠ።

ጥቁር ሱፍ የለበሰው ልጅ ለካ ከጎንደር የተላከ አሠልጣኝ ነው። እኔ ስገባ ምን እያለ እንደነበር በኋላ ፍርድ ቤት ሰማሁ። «የሕዝብን ጸጥታ ያወከ ማንኛውም ሰው...» ብሎ ቅጣቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ነው አንገቱ ላይ የተንጠለጠልሁ። የወረዳው ፖሊስ ሳጅንም እዚያው ተሰብሳቢ ነበር። ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ መጣና «ተነሥ» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም «ተቀመጥ» ነበር የሚለኝ።

ጣቢያ ወስዶ ስልኬንና ቀበቶዬን ተቀበለኝ። ቀበቶ ለምን? አልቃሽ በቀበቶው ምን ያደርጋል? ብቻ ቃል ስጥ ተባልሁ።

«ለምን ጮህክ?» አለኝ ሳጅኑ።

«ሰው ሞቶብኝ።»

«ሟች ምንህ ነው?»

«ወዳጄ።»

«ዘመድህ አይደለም?»

«ለቅሶ በዘመድ ነው እንዴ የሚታደለው?»

«ዘመድ ላልሆነ ሰው ያን ያህል መጮህ ምን አስፈለገ?» ብሎ በአድናቆት አየኝ። እሱ የጻፈው ግን «ተጠርጣሪው ከመጠን በላይ መጮኹን አምኗል» የሚል ነው። ሲያነብልኝ ተነሥቼ ቆምሁ። ለለቅሶ መጠኑን ማን አወጣለት?

ከዚያ እኔ ጠያቂ ሆንሁ። «የእድር ድንኳን ስብሰባ ላይ ምን ይሠራል?» አልሁት። ስብሰባውን የጠራው መሥሪያ ቤት በትውስት ወስዶት እንደሆነ ነገረኝ። አያ ይርጋ ሲሞቱ የእድሩ ሰዎች ሄደው ቢጠይቁ፣ መድረኩ ተጀምሯል፣ ሲያልቅ ይመለስላችኋል ተባሉ።

«ታዲያ አያ ይርጋ በምን ሥር ነው የሚለቀስላቸው?»

ሳጅኑ ዝቅ ባለ ድምፅ «ላስቲክ ወጥረዋል» አለኝ።

ላስቲክ! ወፍራም ክር አግባበት ያሉኝ ሰው! በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስፌቱን በጣታቸው እየጎተቱ የፈተሹ ሰው በላስቲክ ሥር ሐዘናቸው ሊወጣ ነው፤ በእሳቸው ድንኳን ውስጥ ደግሞ ስለ ጸጥታ ይሰበካል። እዚያው ጣቢያው ውስጥ ጮህሁ። ይህኛው ጩኸት እውነትም ጸጥታ የሚያውክ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልከሰሰኝም። እንዲህ ነው ሥራቸው።

ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም። «ዋስ ጥራና ሂድ፤ ነገ ጠዋት ችሎት ትቀርባለህ» አለኝ። ትክል ድንጋይ የማውቀው ዋስ የሚሆን ሰው ማን ነው? ታከለ። ታከለ የት ነው? አባቱ ሞተውበት መሬት ላይ ተቀምጧል። ሠልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከደጁ ይነሣል? «አባትህን ላለቅስ መጥቼ ታስሬያለሁና ለቅሶህን አቋርጠህ ና» ልበለው? ምላሴ ይቆረጥ! «ዋስ የለኝም» አልሁ። ሳጅኑን «እባክህ ለታከለ እንዳይነገረው» ብዬ ለመንሁትና እዚያው አደርሁ።

ያሳሰበኝ ቅጣቱ አልነበረም። ሳጅኑ መቀጮም እስራትም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ዳኛዋ ነው ብሎኛል። ያስጨነቀኝ ነገ ሠልስት መሆኑ ነው። ቢፈረድብኝ ታከለ ሠልስቱን ሲያወጣ ዓይኑ በር በር እያየ እኔን ያጣኛል። አባቱ ለእናቴ በጭቃ መጡ፤ እኔ በማኪና መምጣት አቃተኝ። ይህን እያሰብሁ ስገላበጥ አብሮኝ የታሰረው ሰውዬ ተነሥቶ ተቀመጠ። መሸታ ቤት ወንበር ወርውሮ፣ እየዘፈነ ሰፈር ቀስቅሶ የተያዘ ጎልማሳ ነው። ክሳችን አንድ ዓይነት ነበር። እሱና እኔ በአንድ ደንብ! ንዴቴን አስቡት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ክስ ለእኔ አዲስ አይደለም» አለኝ። «እኔ አይደለሁም ብለህ ካድ።»

«አገር ሙሉ በማጉያ ሰምቶኝ?»

«እንግዲያስ ሰክሬ ነበር በል።»

«አንተ ያልኸው እሱን አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ምነው ታሰርህ?»

ትንሽ አሰበና «ያበድህ ምሰል» አለኝ። ከዚህ በላይ መከላከያ አያውቅም። አያችሁ? ደግ ሰው ሞቶ በድምፅ ያለቀሰ ሰው ነጻ እንዲወጣ ወይ ውሸታም፣ ወይ ሰካራም፣ ወይ እብድ መሆን አለበት። እኔ ሦስቱንም አልሆንም አልሁ። እሱ ተኝቶ ማንኮራፋት ጀመረ። የሕዝብ ጸጥታ ማወክ ማለት ይሄኔ ነበር።

ጠዋት ችሎት ቀረብሁ። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ፦ ተከሳሹ ሰላማዊ ስብሰባ ላይ በመግባት፣ በድምፅ ማጉያ በመጠቀም፣ ከፍተኛ ጩኸት በማሰማትና ሌሎችን በማነሣሣት... በድምፅ ማጉያ በመጠቀም! ማጉያው የእነሱ፣ የያዘውም የእነሱ ሰው! እኔ አንገት ነው የያዝሁት።

«ድርጊቱን ፈጽመሃል?» አሉኝ ዳኛዋ።

«ፈጽሜያለሁ፤ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም።»

ዐቃቤ ሕጉ ጩኸቱ ምን ያህል እንደነበር ፍርድ ቤቱ እንዲረዳ ተከሳሹ በድምፁ ያሳይልን አለ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። «ክብርት ዳኛ፣ ሟች በሌለበት ቤት አይጮህም። ሟርት ነው። እዚህ ከጮህሁ ከእናንተ ለአንዳችሁ ነው የምጮኸው» አልሁ። ችሎቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አማተቡ። ዳኛዋ ፈጠን ብለው «አያስፈልግም፤ ይታለፍ» አሉ።

አሠልጣኙ ለምስክርነት ቆመ። ያንኑ ሱፍ ነው የለበሰው፤ ትከሻው ላይ የእንባዬ ምልክት ነጥቶ ይታያል። እንዴት እንደገባሁ፣ እንዴት እንደተጠመጠምሁበት ሳያጋንን ተናገረ። ጥያቄ ካለህ ጠይቅ ተባልሁ።

«ድንኳኑ የማን ነው?» አልሁት።

«የእድር ነው።»

«እድር ድንኳን የሚያሰፋው ለምንድን ነው?»

«ለ... ለለቅሶ።»

«በዚያን ቀን በከተማው ለቅሶ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እንግዲያው ያለ ቦታው የገባው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ ስብሰባው?»

ዐቃቤ ሕጉ ተቃውሞ አለኝ ብሎ ተነሣ። ዳኛዋ በእጃቸው አስቀመጡት። ልቀጥልበት እንጂ ላቆም አልቻልሁም፤ እልህ ይዞኛል።

«ሕዝብ አነሣሣ ተብያለሁ። በዚያ ድንኳን ውስጥ አልቅሱ ያልሁት አንድ ሰው አንተን ነው። አንተ አለቀስህ ወይስ አላለቀስህም?»

እንዲክድ ጠብቄ ነበር። ቢክድ ትከሻውን ላሳይ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ራሱ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ዳኛዋ «መልስ» አሉት።

«አልቅሻለሁ» አለ። «እናቴ ስታርፍ እንዲሁ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ስደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ተበትኖ ነበር። ሥራ በዛብኝና እስከዚያ ቀን አላለቀስኩላትም ነበር። እኚህ ሰው አልቅስ ሲሉኝ...» ከዚህ በላይ አልቻለም።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ልጁን ለመዘርጠጥ ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ተውሁት። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። ለጥፋተኝነት ድርጊቱ ብቻ አይበቃም፣ ጸጥታ የማወክ ሐሳብ መኖር አለበት፣ ይህ ሰው ግን ያሰበው ማልቀስ ነው፤ በነጻ ይሰናበት አሉ። አሠልጣኙ ደጅ ተከትሎኝ ወጥቶ «ድንኳኑን ዛሬውኑ አስነቅዬ እመልሳለሁ» አለኝ። «ለማን? ሠልስቱ ዛሬ ነው!» አልሁት። ያን ያህል መቆጣት አልነበረብኝም፤ ለካ ንዴቴ ጨርሶ አልሄደም ነበር።

ቀበቶዬን እየታጠቅሁ ወደ ታከለ ቤት ሮጥሁ። ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍሁ ላስቲኩ ታየኝ፤ በንፋስ እየተንጓጓ ከአጥሩ ጋር ይላተማል። ሠልስቱ ወጥቶ ሰዉ እየተበተነ ነው። ኩታዬን አዘቀዘቅሁ፣ አፌን ከፈትሁ፣ ድምፅ አልወጣ አለኝ። ግራና ቀኝ አየሁ። እንዲያ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። በሐዘንተኛ በር ላይ ቆሜ ፖሊስ አለ ወይ ብዬ የማይ ሰው ሆንሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ሌባ በቀስታ ገባሁ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ታከለ ቁርበት ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው ዝም አልህ?» አለኝ።

«ታከለ፣ ይቅር በለኝ፤ ትናንት ሳልመጣ ቀረሁ።»

«ማነው ያልመጣ?» አለኝ። «መታሰርህን ማታ ሰምቼ ዋስ ልሁነው ብዬ ብነሣ ሽማግሎች እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ትናንት ይኸ ላስቲክ ሲንጓጓ ሰው አልቅሶ እንኳ አይሰማም ነበር። ድንገት ከሜዳው 'አያ ይርጋ! አባቴን!' የሚል በማጉያ መጣ። ያንተን ድምፅ አጣዋለሁ? እናቴ ብድግ አለች። ቀጥሎ ሕዝቡ በሙሉ ሲያለቅስለት ሰማን።» እጄን ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «አባቴ ያን ድንኳን ከአንተ ዘንድ ካመጣው ጀምሮ ለእኔም ይተከላል ሲል ነው የኖረ። በድንኳኑ ሥር ያለቀስህለት አንተ ነህ። አንተ ባትሳሳት በዚያ ሥር ማንም አያለቅስለትም ነበር።»

ያን ጊዜ ድምፄ መጣልኝ። «አያ ይርጋ! አባቴን! አባቴን!» ብዬ፣ ያለ ማጉያ፣ ላስቲኩ እስኪርገበገብ ድረስ ለቀቅሁት። የተበተነው ሰው ሁሉ ከመንገድ ተመለሰ። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ድረስ ተሰምቷል፣ ጣቢያውም አይጠፋውም። ከሳሽ ካለ ይምጣ!